የመኪናዬ ሆድና የአጎቴ ወፍጮ

አርብ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ደብረ ብርሃን

የጥር ንጋት ደብረ ብርሃን ላይ ቀልድ አያውቅም። የመኪናዬ መስታወት ውርጭ ለብሷል፣ ጣቶቼ ከመሪው ጋር ሊጣበቁ ምንም አልቀራቸውም። ጋሽ ደጀኔ ከእኔ ብሰው ተጀቡነው መጡ፤ ካፖርት፣ በካፖርቱ ላይ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ የባለቤታቸው የሚመስል ቀይ ሻርፕ።

«ጋሼ፣ የምንወርደው እኮ ቆላ ነው» አልኳቸው።

«ቆላው እስኪደርስ ድረስ ማን ይሞታል?» አሉና በሩን ጎትተው ዘጉት።

ጋሽ ደጀኔ በያጅ ናቸው። የአረርቲ ሰው ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ ብርዱን ግን እስከ ዛሬ አልታረቁትም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አንኮበርን አላዩም። «ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ሸበትኩ» ይላሉ። ዛሬ የመጡት ግን ለሽርሽር አይደለም። ከመኪናዬ ሆድ ስር ያሰሩትን ብረት በሥራ ላይ ሊያዩት ነው።

ከኋላ ሁለት አዲስ የወፍጮ ድንጋዮች ተጭነዋል። አራት ወንዶች እያቃሰቱ ነው የጫኗቸው። ድንጋዮቹ የአጎቴ የአያሌው ናቸው። አጎቴ ከአንኮበር ቁልቁል፣ ወደ አልዩ አምባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ መንደር ወፍጮ ቤት አላቸው። የድሮዎቹ ድንጋዮች ተበልተው አልቀው ወፍጮው ከቆመ ሰነበተ፤ የመንደሩ ሴቶች እህላቸውን በአህያ ጭነው ያን ሁሉ ዳገት ወደ አንኮበር ይወጣሉ። አጎቴ ደግሞ የፊታችን እሑድ ልጃቸውን ይድራሉ። «ለሠርጉ ወፍጮው ይፈጫል» ብለው በሰው ፊት ቃል ሰጥተዋል።

ባለፈው ወር እነዚሁን ድንጋዮች ጭኜ ሄጄ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ አንድ መሐል መንገድ የተቀመጠ ድንጋይ የሞተሬን ዘይት መያዣ ቀደደው። ዘይቱ እንደ ደም መንገድ ላይ ፈሰሰ፣ እኔም በሌላ መኪና ተጎትቼ ከነሸክሜ ተመለስኩ። አጎቴ በስልክ «ሰላም ግቢ፣ ብረት ነው፣ ይጠገናል» ብቻ አሉኝ። በኋላ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ደውለው ሌላ ነገር ነገሩኝ። አጎቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሾላው ዛፍ ስር ከሰው ጋር መቀመጥ ትተዋል። ሰው ሁሉ «ወፍጮው የት ደረሰ?» እያለ ስለሚጠይቃቸው በጓሮ በኩል ዞረው ነው ቤታቸው የሚገቡት። ይህን ስሰማ የት ልግባ! ድንች እና ካሮት የምነግድ ሴት ነኝ፤ በሕይወቴ ብዙ ጭነት አርፍዶብኛል፣ የሰው ክብር ግን ጭኜ አላውቅም ነበር።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት፤ ከከተማ ወጣ ብሎ

ሜዳው ሁሉ ነጭ ውርጭ ነው። የገብስ ክምር በየደጁ፣ ጭስ ከየጣራው፣ ፀጉራቸው የተንጨባረረ በጎች በየመንገዱ ዳር። ጋሽ ደጀኔ ከቋጠሯቸው ውስጥ ቆሎ አውጥተው ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለራሳቸው፣ ጥቂቱን ለመኪናው ወለል አካፈሉ።

አንባቢዬ፣ እስኪ ስለ ብረቱ ላጫውትህ፤ ገጠር ለገጠር የምትነዳ ከሆነ ይጠቅምሃል። ከዘይት መያዣው ስር የሚታሰር መከላከያ ላሜራ ሲመረጥ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ወፍራም ነው?» ብሎ ነው። እኔም እንደዚያው ስድስት ሚሊ ይሁን ብዬ ነበር። ጋሽ ደጀኔ ሳቁብኝ። «የመኪናሽን አፍንጫ መሬት ልታስነኪው ነው? ሸክምሽ የወፍጮ ድንጋይ፣ ሆድሽ ደግሞ ሌላ ድንጋይ!» ሁለት ሚሊው ደግሞ ሲመታ ወደ ላይ ታጥፎ የሚጠብቀውን ዘይት መያዣ ራሱ ይጫነዋል። አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ ግን ሲጣመም እኛ አገር ማን ያቃናዋል? አራት ሚሊ ብረት ላይ ተስማማን። ፊቱ እንደ ማንኪያ ወደ ላይ ቀና ይላል፤ በሱና በዘይት መያዣው መካከል ደግሞ ሦስት ጣት ክፍተት አለ።

ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ጊዜ ተጣላን። መጀመሪያ እሳቸው ከሻንሲው ጋር ልበይደው አሉ። እኔ በቡሎን ካልታሰረ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ «የማይፈታ ነገር አይጠገንም» ይል ነበር። እያጉረመረሙ በስድስት ቡሎን አሰሩት፣ ቡሎኖቹንም ግራሶ ቀቡልኝ። ሁለተኛው ጠብ በቀዳዳ ነው። «ብረቱ ቀዳዳ ይኑረው፣ የገባው ነገር ይውጣ፣ ሞተሩም ይተንፍስ» አሉ። እኔ ደግሞ አንዴ የተቀደደብኝ ሰው ነኝ፤ ቀዳዳ የሚባል ቃል መስማት አልፈለግኩም። «እንደ ድስት ክዳን ድፍን ይሁንልኝ» አልኳቸው። ባለ መኪናዋ እኔ ነኝና እሺ አሉ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፤ አውድማ ላይ

አንድ ገበሬ መሐል መንገድ ቆሞ ነጠላውን እያውለበለበ አስቆመን። ከመንገዱ አጠገብ ሰፊ አውድማ ላይ የገብስ ነዶ ተበትኗል። ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ጠቁሯል፤ በጥር ደመና! ከበሬዎቹ አንዱ አንክሶ ቆሟል።

«ይበርክት!» አሉ ጋሽ ደጀኔ በመስኮት። አውድማ አይቶ ሳይመርቁ ማለፍ ነውር ነው።

«አሜን! እህቴ፣ ስለ እመቤቴ ብለሽ፣ ዝናቡ ሳይቀድመኝ በመኪናሽ ጥቂት ዙሪልኝ።»

ጋሽ ደጀኔን አየኋቸው፣ አዩኝ። ሰዓቱ ገና ነው። እምቢ ብዬ ባልፍስ በየት ዓይኔ እመለሳለሁ? ገባሁና መዞር ጀመርኩ። ገበሬው የተጫኑትን የወፍጮ ድንጋዮች ሲያይ በደስታ ጨፈረ። «ሸክሟም ለኔ ነው የተላከው!» ጋሽ ደጀኔ ከነጋቢያቸው ወርደው መንሽ ተቀበሉና ጭዱን እየገለበጡ ግራጫዋን መኪናዬን እንደ በሬ «በይ ዳለቻ! ሂጂ ዳለቻ!» ይሏታል። የገበሬው ሚስት በሳቅ ሞተች። እኔም እየሳቅኩ ስንት ዙር እንደዞርኩ አላውቅም፤ ብቻ አናቴ ዞሯል።

ስንጨርስ አምስት ሊትር ጀሪካን ሙሉ ጠላ አመጡልን። አይሆንም ብንል ወይ ፍንክች። ልንነሳ ስንል ጋሽ ደጀኔ «ከስር ጎንበስ ብለን እንየው?» አሉ።

«ኋላ ጋሼ፣ እየረፈደ ነው» አልኩ።

ይህችን «ኋላ» ያዝልኝ።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት፤ አንኮበር ልንደርስ ስንል

መጀመሪያ የሸተተን የቆሎ ሽታ ነበር። ጋሽ ደጀኔ «ቆሎዬ በምን ተቆላ?» ብለው ቋጠሯቸውን አሸተቱ። ወዲያው ከሞተሩ በኩል ጭስ ብቅ አለ፤ ቀጭን፣ ነጭ፣ ከዚያ ወፍራም።

«ቁሚ! ቁሚ!»

ቆምኩ። ጎንበስ ብዬ ሳይ እግዚኦ! ድፍኑ ብረት ከአውድማው ያፈሰውን ጭድ ሁሉ እንደ ሰፌድ ይዞ ቁጭ ብሏል። ጭዱ የጋለውን የጭስ ማውጫ ነክቶ ውስጥ ለውስጥ እየነደደ ነው። ከላዩ የሞተሩ ዘይት አለ። ከኋላ የአጎቴ ድንጋዮች። ዘልዬ ሞተሩን አጠፋሁና የምይዘውን አጣሁ።

ጋሽ ደጀኔ ግን ሠላሳ ዓመት ከእሳት ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። «የቡሎን መፍቻውን አምጪ፣ ማውራቱን ተዪ» አሉ፤ አንድም ቃል አላወራሁም ነበር። የእሳቸው ሆድ ከመኪናው ስር አይገባም፤ እኔ ገባሁ። የመጀመሪያው ቡሎን ሙቀቱ ጣት ያቃጥላል፣ ግን በግራሶ የተቀባ ስለሆነ ዞረ። ሁለተኛው ዞረ። ሦስተኛው፣ አራተኛው። እሳቸው በላይ በኩል ኮፈኑን ከፍተው የገበሬውን ጠላ በቀስታ ያንቆረቁሩታል፤ ጭሱ በጠላ ሽታ ታጅቦ ፊቴ ላይ ይወርዳል። ስድስተኛው ሲፈታ ብረቱ ከነጭዱ ዘጭ አለ፤ ጎትተን አወጣነው፣ አፈር አለበስነው።

መንገድ ዳር ተቀመጥን። ፊቴ ጥላሸት፣ ፀጉሬ ጠላ። ከሞተሩ ምንም የተጎዳ የለም፤ አንዲት ሽቦ ብቻ ልብሷ ተልጧል፣ እሷንም ጋሽ ደጀኔ በፕላስተር ጠቀለሏት።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ከጋቢያቸው ላይ ጭድ ይለቅሙ ጀመር። 

«ጋሼ፣ ቀዳዳ እንዲኖረው ነግረውኝ ነበር» አልኩ በመጨረሻ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እኔም ልበይደው ብዬሽ ነበር። በይጄው ቢሆን ኖሮ አሁን እዚህ ቁጭ ብለን መኪናሽ ስትነድ እሳት እንሞቅ ነበር።» ጀሪካኑን ከፍ አድርገው አዩት፤ ከታች ጥቂት ቀርቷል። «አንድ ለአንድ ነን። ጠጪ።»

ከጠዋቱ 5 ሰዓት፤ ጎረቤላ፣ የአንኮበር ከተማ

ብረቱን ከኋላ ጭነን ጎረቤላ ገባን። ከዚህ በታች ቁልቁለቱ ይጀምራል። ያለ መከላከያ መውረድ ያችኑ ድንጋይ ሄዶ መሳም ነው፤ ድፍኑን መልሶ ማሰርም ሞኝነት ነው። መብራት ጠፍቷል፣ ስለዚህ የሚበሳ ማሽን አይሠራም። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት «እታች ብረት ቀጥቃጭ አለ፣ ማረሻ የሚሠራው» አለችን።

ቀጥቃጩ ቀጭን ሰው ነው፤ ባለቤቱ ወናፉን ትነፋለች። ሦስት ገበሬዎች ማረሻቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ብረታችንን ሲያይ ቅንድቡን አነሳ።

«ይሄ ደግሞ የምን በሬ ማረሻ ነው?»

ነገሩን አስረዳሁት፤ ወፍጮውን፣ ሠርጉን፣ የአጎቴን ቃል። ከገበሬዎቹ አንዱ ማረሻውን ከፊት አንስቶ ወደ ኋላ አስቀመጠ። «ሚስቴም እዚያ ወፍጮ ነበር የምታስፈጨው። እለፊ» አለ። ሌሎቹም ሳይጠየቁ ወደ ኋላ ተሳቡ።

ጋሽ ደጀኔ በከሰል ስምንት ቦታ ምልክት አደረጉ። ቀጥቃጩ ከፊት ያሉትን ሁለቱን በአውራ ጣቱ አጠፋቸው።

«ማረሻ ፊቱ አይበሳም። ድንጋዩ መጀመሪያ የሚያገኘው እዚያ ጋ ነው፣ ቀዳዳው ይነክሰዋል» አለ። ቀጥሎ ብረቱን በእጁ እያገላበጠ ጠየቀ፦ «ድንጋዩ የሚመታው በየትኛው ፊት ነው?»

አሳየሁት። ከዚያ በኩል እያጋለ በመብሻው መታው፤ የቀዳዳው ከንፈር ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ፣ ውጩ ልሙጥ እንዲሆን። ከውስጥ ወደ ውጭ ቢበሳው ኖሮ ከንፈሩ ሁሉ ድንጋይ ይይዝ ነበር። ጋሽ ደጀኔ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ሠላሳ ዓመት ብረት ስበሳ ይሄን ጠይቄ አላውቅም» አሉ።

«የእርስዎ ብረት በር ላይ ነው የሚቆመው፤ የኔ መሬት ውስጥ ነው የሚሄደው» አለ ቀጥቃጩ፤ ሚስቱ ወናፉን ሳታቆም ሳቀች።

ሥራው ሲያልቅ ብረቱን መልሰን አሰርንና ሽሮ አዘዝን። አርብ ነው፤ ቃሪያው ግን የጾም አይመስልም፣ እንባ ያስወጣል። ጋሽ ደጀኔ እንጀራውን ይዘው ወደ ገደሉ ጫፍ ሄዱ። ከእግራቸው ስር ሸንተረሩ፣ ከሸንተረሩ ስር ሌላ ሸንተረር፣ ከሁሉም በታች የአፋር ሜዳ በጉም ውስጥ ተኝቷል። ጉርሻቸውን ይዘው ረሱት።

«ይሄ ሁሉ የአንድ ጠዋት መንገድ ላይ ነበር?» አሉ። ሻርፓቸውን ፈቱ።

ከቀኑ 8 ሰዓት፤ ቁልቁለቱ ላይ

በአንደኛ ማርሽ እንሳባለን። በየኩርባው ጋሽ ደጀኔ አንድ ልብስ ያወልቃሉ፤ ሻርፑ ሄዷል፣ ጋቢው ሄዷል፣ አሁን ካፖርቱ። አህያ የሚነዱ ሴቶች ጥግ ይዘው ያሳልፉናል፤ ጭነታቸው እህል ነው፣ ሽቅብ ነው የሚሄዱት። ወዴት እንደሚሄዱ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ያቺን ድንጋይ ከሩቅ ለየኋት። ጥቁር ናት፣ እንደ ከብት ጀርባ ከመንገዱ መሐል ወጥታለች፤ የዘይቴ ቅሪት አሁንም አጠገቧ አፈሩን አጥቁሮታል። በቀኝ ገደል፣ በግራ ግድግዳ። መሄጃው በላይዋ ነው።

«ቀጥ አድርገሽ፣ አትቸኩዪ፣ አትቁሚ» አሉ ጋሽ ደጀኔ። እጃቸው ግን የበሩን እጀታ አንቋል።

የፊት ጎማ ወጣ፣ ወረደ። ከዚያ ጓ! መኪናዋ ተነሳች፣ ብረት በድንጋይ ላይ ሲፋቅ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ፤ ግር... ግር... ከዚያ ዘጭ ብለን አለፍን።  የዘይት መብራቱን አየሁ። አልበራም። ሜዳ ነገር ሳገኝ ቆምኩና ከስር ገባሁ። ብረቱ ላይ ከፊት እስከ ኋላ አንድ የሚያብለጨልጭ መስመር ተስሏል፣ መሐሉ ላይ መዳፍ የምታህል ስርጉድ አለች። ዘይት የለም። አንድ ቡሎን ላልቷል፤ አጠበቅኩት። አንባቢዬ፣ ይህንንም ያዝ፦ ከመጀመሪያው ምት በኋላ ቡሎን ሳታይ አትሂድ፣ ጭድ ወይ ጭቃ ከረገጥክም «ኋላ» አትበል።

«እንዴት ነው?» ጮኹ ጋሽ ደጀኔ።

«ደህና ነው!»

እኔ ስወጣ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አቧራ ነው አሉ። እሺ፣ አቧራ ነው።

ከቀኑ 10 ሰዓት፤ የአጎቴ መንደር

ልጆች ከሩቅ አይተውን እየጮኹ ቀደሙን፤ ስንደርስ መንደሩ ሁሉ ወጥቷል። አጎቴ አያሌው ለሠርጉ የተገዛላቸውን አዲስ ጋቢ ለብሰው ከፊት ቆመዋል። ልሳማቸው ስወርድ አለፉኝ። ድንጋዮቹንም አላዩም። በቀጥታ ከነጋቢያቸው አፈሩ ላይ ተኝተው ከመኪናው ስር እጃቸውን ሰደዱ። ብረቱን ዳበሱት፣ ስርጉዷን አገኟት፣ ከላይዋም ጣታቸውን አሳልፈው ዘይት መያዣውን ነኩት። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ብርሃን አውጥተው አዩት።

«ደረቅ ነው!» አሉ ገና ሳይነሡ። «ደረቅ ነው፣ አስካለ!»

እትዬ አስካለ እልል አሉ። ከዚያ በኋላ ነው የተሳሳምነው። አጎቴ በስሜ «ሙሉዬ» እያሉ ደጋግመው ሳሙኝ።

ጎረቤታቸው እማማ ዘሀራ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀረቡ። ባለፈው ወር እየተጎተትኩ ስመለስ አህያቸውን ይዘው መንገድ ላይ ያገኙኝ እሳቸው ነበሩ፤ «ይቺ መኪናሽ ሆዷን ያማታል መሰለኝ» ብለው ስቀውብኝ ነበር።

«የመኪናሽ ሆድ ተሻላት?» አሉ አሁን።

«ተሻላት እማማ።»

«አልሃምዱሊላህ። የሚያማትስ ከሆነ የአህያዬ መድኃኒት ነበረኝ።»

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ድንጋዮቹ ትናንት እስከ ምሽት ተገጠሙ። ጋሽ ደጀኔ በሸሚዝ ብቻ ሆነው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የሠላሳ ዓመት ብርድ ከላያቸው የወረደ ይመስል እየዘፈኑ ሠሩ። ዛሬ ጠዋት አጎቴ ሞተሩን ሲያስነሡት መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዎች በረገጉ።

የሠርጉ ገብስ በጆንያ ተደርድሮ በሩ ላይ ይጠብቃል። አጎቴ ግን የእማማ ዘሀራን ቁና አነሱ።

«አያሌው፣ ሠርጉ ያንተ ነው!» አሉ እማማ ዘሀራ።

«ሠርጉ ነገ ነው። አንድ ወር ሙሉ ያን ዳገት የወጡት ግን እርስዎ ነዎት» አሉና እህሉን አፈሰሱት።

ዱቄቱ ወረደ። እማማ ዘሀራ ገና ትኩሱን በመዳፋቸው ይዘው አሸተቱት፤ ከዚያ ሌላው ሁሉ ተራውን ይዞ ቀረበ። አጎቴ እስከ እኩለ ቀን ከወፍጮው አልተለዩም። ሲወጡ ፀጉራቸው፣ ቅንድባቸው፣ ያ አዲስ ጋቢያቸው ሳይቀር በዱቄት ነጭ ሆኗል። እትዬ አስካለ መጥረጊያ ጨርቅ ይዘው ሮጡ።

«ቁም፣ ላራግፍልህ፤ እንዲህ ሆነህ ሰው መሐል ትወጣለህ?»

አጎቴ የእትዬ አስካለን እጅ በቀስታ ገፋ አደረጉት።

«ተዪው» አሉ፤ «ይታይ።»

በጓሮ በኩል አልዞሩም። በመሐል መንገድ አለፉና ከሾላው ስር፣ ከሰዎቹ መሐል፣ የድሮ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።